ልጄ ፍልስፍና ልማር አለች፤ አባቷ ብድሩን ይፈርም?

«ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ትልቋ ልጃችን ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ጎበዝ ናት። ነርሲንግ ወይም ኮምፒውተር ትማራለች ብለን ስንጠብቅ ፍልስፍና ነው የምፈልገው አለች። ሁለት ቦታ ተቀብለዋታል። አንዱ ሌላ ስቴት ያለ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስኮላርሺፑ ተቀንሶ በዓመት 34,000 ዶላር ይጠይቃል። ሁለተኛው እዚሁ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እርዳታው ተቀንሶ፣ ግቢ ውስጥ እየኖረች 15,000 ይመጣል። እኛ ዕቁቡንም ጨምረን በዓመት 8,500 መክፈል እንችላለን። ልጄ የፍልስፍና ትምህርት ክፍሎችን በተመራቂ ደመወዝ፣ በዕዳና የድሃ ልጅን ወደ ተሻለ ኑሮ በማሻገር የሚያወዳድር ሰንጠረዥ አሳየችኝ። የግሉ ከላይ ነው፤ ዕዳውም ትንሽ ነው ይላል። ባለቤቴ 57 ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ‹ፍልስፍና እንጀራ ይሆናል?› ብሎ ተቆጣ። ስታለቅስ ሲያይ ደግሞ ‹በቃ፣ በስሜ ልበደርላት› አለ። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ልጅሽ ፍልስፍና ብትማር እኔ አልሰጋም። ባለቤትሽ ያንን ብድር ቢፈርም ግን በጣም እሰጋለሁ። እቤታችሁ ሁለቱ ነገሮች ተደባልቀዋል፤ ክርክሩ ሁሉ ስለ ፍልስፍና ሆኖ ብድሩ በእንባ መሀል ሊያልፍ ነው። ስለዚህ ከብድሩ እጀምራለሁ።

የፌዴራል መንግሥት ለልጅሽ በራሷ ስም የሚያበድራት ገንዘብ ገደብ አለው። በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 7,500 ዶላር ነው። ሲደመር 27,000 ይሆናል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ መንግሥት ወደ ወላጅ ይዞራል። ባለቤትሽ ልበደርላት ያለው ይህንን፣ ፓረንት ፕላስ የሚባለውን ብድር ነው። ዕዳው ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው። ነገ ልጅቷ ደህና ሥራ ይዛ «እኔ እከፍላለሁ» ብትል ጥሩ፤ ካልቻለች ግን ደብዳቤው የሚመጣው በአባቷ ስም ነው።

እስቲ ወረቀት አውጪና አብረን እንደምር። የግሉ 34,000 ነው። እናንተ 8,500 ታወጣላችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ልጅቷ 5,500 ትበደራለች። 20,000 ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት የእሷ ብድር ትንሽ ከፍ ስለሚል 19,000 ይቀራል፤ በሦስተኛው 18,000። በሦስት ዓመት 57,000 ዶላር በአባቷ ስም ተጻፈ ማለት ነው።

አሁን አራተኛው ዓመት ላይ ምን እንደሚሆን ተመልከቺ። በ2025 ጁላይ ላይ የጸደቀው ሕግ የወላጅ ብድር ላይ ጣሪያ አስቀምጧል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደር ወላጅ፣ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ደግሞ ከ65,000 ዶላር በላይ አይፈቀድም። በአራተኛው ዓመት 18,000 ስትፈልጉ የሚቀራችሁ 8,000 ብቻ ነው። አሥር ሺህ ዶላር ጎደለ። ይኼ ዩኒቨርሲቲው አራት ዓመት ሙሉ አንድ ዶላር ሳይጨምር ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራሉ። ያኔ ልጅቷ ሦስት ዓመት ተምራለች፣ ለዲግሪ አንድ ዓመት ቀርቷታል፣ ማቋረጥ አይታሰብም። ወደ ባንክ ትሄዳላችሁ። ባንኩም አብሮ የሚፈርም ዋስ አምጡ ይላል። ዋሱ ማን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።

አከፋፈሉን ደግሞ እንየው። በአዲሱ ሕግ ከ50,000 እስከ 100,000 ዶላር ለሚደርስ ዕዳ መደበኛው የመክፈያ ጊዜ 20 ዓመት ነው። የወላጅ ብድር ወለድ ሰሞኑን 9 በመቶ አካባቢ ነው። በዚያ ብናሰላው 65,000 ዶላር በወር 585 ዶላር ገደማ ይመጣል። ሲጠናቀቅ የተከፈለው ጠቅላላ 140,000 ዶላር ይሆናል። ባለቤትሽ ልጅቷ ስትመረቅ 61 ዓመቱ ነው። መክፈል የሚጨርሰው በ81 ዓመቱ ነው። ገቢው ሲቀንስ ክፍያውም አብሮ የሚቀንስበት አሠራር ለአዲስ የወላጅ ብድር ከእንግዲህ የለም። መክፈል ካቆመ መንግሥት የታክስ ተመላሹን ሊይዝበት፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታውም ሊቆርጥበት ይችላል። ወገቡ እያመመው፣ በሰባ ዓመቱ ደለስ ኤርፖርት ወረፋ ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ተሳፋሪ የሚጠብቅ አባት ይታየኛል። ይኼን ለልጁ ሲል እንደሚያደርገው አልጠራጠርም። ለዚህም ነው አሁን እንዲያቆም አንቺ መንገር ያለብሽ።

የኮሌጅ ፓርኩ ሂሳብ አጭር ነው። ከ15,000 የእናንተን 8,500 እና የእሷን 5,500 ስትቀንሺ አንድ ሺህ ዶላር ይቀራል። በሰመር ሥራ ትሸፍነዋለች። ከሲልቨር ስፕሪንግ እየተመላለሰች ብትማር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሙሉውን 27,000 ብትበደር እንኳ በ6.5 በመቶ ወለድ፣ በ15 ዓመት፣ በወር 235 ዶላር ገደማ ነው። በራሷ ስም የተወሰደ ስለሆነም ደመወዟ ዝቅ ያለ እንደሆነ በገቢዋ ልክ የምትከፍልበት አማራጭ አላት።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ እንምጣ። ልጅሽ መረጃ ፈልጋ፣ አወዳድራ ማምጣቷን ወድጄዋለሁ። ቁጥሮቹ ምን እንደሚቆጥሩና ምን እንደሚተዉ ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያሉ ሰንጠረዦች ዕዳና ደመወዝን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስዱት የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ከከፈተው፣ ኮሌጅ ስኮርካርድ ከሚባለው የመረጃ ቋት ነው። ከ2019 ወዲህ በየትምህርት ዓይነቱ ተለይቶ ይታያል። እዚያ ላይ «የተመራቂዎች ዕዳ» ተብሎ ፊት ለፊት የሚወጣው ቁጥር ተማሪው በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት የወሰደው ብድር ብቻ ነው። የወላጅ ብድር ለብቻው ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው። የባንክ ብድር ጭራሽ አይቆጠርም። እንግዲህ ልጅሽ በግሉ ተምራ ብትመረቅ ያ ሰንጠረዥ ላይ የምትገባው በ27,000 ዶላር ዕዳ ነው። የአባቷ 65,000 እዚያ የለም። ኮሌጅ ፓርክ ተምራ 27,000 የተበደረች ልጅና እሷ ሰንጠረዡ ላይ እኩል ይሆናሉ። «ዕዳው ትንሽ ነው ይላል» ያልሽኝ የመጣው ከዚህ ነው።

ደመወዙም እንዲሁ ነው። የሚቆጠሩት የመንግሥት እርዳታ ወይም ብድር ያገኙ ተመራቂዎች ናቸው። ከእነሱም ሥራ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው፤ ትምህርት የቀጠሉት አይገቡም። ፍልስፍና ከተማሩ ልጆች ውስጥ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የሚቀጥሉ ጥቂት አይደሉም። እነሱ በሚለካበት ሰዓት ገና ተማሪ ስለሆኑ ከስሌቱ ውጪ ናቸው። በዚያ ላይ የፍልስፍና ዲፓርትመንት ትንሽ ነው። ሰው በጣም ጥቂት ሲሆን የግል ሚስጥር እንዳይወጣ ቁጥሩ ይደበቃል። ከተደበቀው መስመር ትንሽ ከፍ ያለው ደግሞ ይወጣል፣ ነገር ግን ጥቂት ልጆች ወዲህ ወዲያ ቢሉ ደረጃው ይቀየራል። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ከሌላው በሁለት ሺህ ዶላር በልጧል ተብሎ ቦታ አይመረጥም።

ሦስተኛው፣ የድሃ ልጅን ማሻገር የሚለው፣ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ይኼ ዓይነት ልኬት የታወቀው ኢኮኖሚስቱ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2017 ባወጡት ጥናት ነው። የሚሊዮኖችን የታክስ መረጃ ይዘው ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ሁለት ነገር ጠየቁ። ከተማሪዎቹ ስንቱ ከዝቅተኛው አምስተኛ የገቢ እርከን ከመጡ ቤተሰቦች ናቸው? ከእነዚያ ውስጥስ ስንቱ አድገው ከፍተኛው አምስተኛ እርከን ደረሱ? ሁለቱን አባዙ። ከመቶ ተማሪ አሥሩ ድሃ ቢሆኑና ግማሾቹ ቢሻገሩ፣ የትምህርት ቤቱ ውጤት 5 በመቶ ይሆናል። በዚህ መለኪያ አንደኛ የወጣው ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ 10 በመቶ ሊደርስ ትንሽ ቀረው። የኒው ዮርክ ከተማ የሕዝብ ኮሌጆችም ከፊት ነበሩ። ሃርቫርድን የመሳሰሉት ያስገቧቸው የድሃ ልጆች በደንብ ይሻገራሉ፤ የሚያስገቡት ግን ትንሽ ነው። ሃርቫርድን ጨምሮ በአሥራ ሁለት ዝነኛ ትምህርት ቤቶች ከሀገሪቱ አንድ በመቶ ሀብታሞች የመጡት ልጆች ከታችኛው ግማሽ ሕዝብ ከመጡት ይበልጡ ነበር።

ታዲያ ለእናንተ ምን ይጠቅማል? ሁለት ነገር አስተውዪ። አንደኛ፣ ጥናቱ የሚለካው ሙሉውን ኮሌጅ ነው። ነርሱም፣ አካውንታንቱም፣ ኢንጂነሩም አንድ ላይ ነው የተቆጠሩት። «የፍልስፍና ትምህርት ክፍሉ የማሻገር ውጤት» ብሎ የጻፈ ሰው የዩኒቨርሲቲውን ቁጥር ወስዶ ዲፓርትመንቱ ላይ ለጥፎታል። የጥናቱ ዋና ውጤትም በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተወለዱ ሰዎች ውጤት ነው፤ ዛሬ አርባ ዓመት ያለፋቸው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ልጅሽ ገብታለች። የምትፈልጊው «ስንት ድሃ ያስገባሉ» የሚለውን አይደለም። «ገቢያችንን የሚመስል ገቢ ካላቸው ቤቶች ከገቡት ስንቱ በአራት ዓመት ጨረሱ፣ ምን ያህልስ ከፈሉ» የሚለውን ነው። የሚከፈለው ዋጋ ኮሌጅ ስኮርካርድ ላይ በየገቢው ተከፍሎ አለ፤ የመመረቂያ መጠኑ ግን እዚያ የሚታየው በጥቅሉ ነው። የመመረቂያ መጠኑንና ቤተሰቡ በትክክል የሚከፍለውን አማካይ ዋጋ ሁለቱንም ቦታ አውጥታችሁ እዩ። ብድር ይዞ ሳይመረቁ መውጣት ከሁሉም የከፋ ነው።

ለእውነቱ ከአንቺ አልደብቅም፣ ስም ያለው ትምህርት ቤት ምንም ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። ስቴሲ ዴልና አላን ክሩገር የሚባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ተመሳሳይ ጎበዝ ልጆች አንዱ ይበልጥ መራጭ ኮሌጅ፣ ሌላው ያነሰ ቢገቡ ኋላ ገቢያቸው ብዙም አይለያይም ብለው ነበር። ግን ለጥቁርና ለሂስፓኒክ ተማሪዎች፣ ወላጆቻቸው ብዙ ላልተማሩም ልጆች ልዩነት አግኝተዋል። የሰው ግንኙነት የሌለው ቤተሰብ ልጅ ግንኙነቱን ከትምህርት ቤቱ ያገኛል። ይኼ ለእኛ ልጆች ቁም ነገር ነው። ነገር ግን ያ ጥናት የሚያወራው ስለ መራጭነት ነው፤ ስለ ውድነት አይደለም። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ጎበዝ ልጆችን እየመረጠ የሚያስገባ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ለዋሽንግተንም ቅርብ ነው። ስም አነሰው የሚባል አይደለም። የግል የሆነ ሁሉ ውድ ነው ማለትም አይደለም። ሃርቫርድ ከ2025 መጸው ጀምሮ ገቢያቸው ከ100,000 ዶላር በታች ከሆነ ቤተሰቦች ምንም አይወስድም። ልጅሽ እንዲህ ያለ ቦታ ብትገባ ኖሮ «ሂጂ» ነበር የምልሽ። የእናንተው ግን 34,000 የጠየቀ ነው።

አሁን የባለቤትሽ ጥያቄ። ፍልስፍና እንጀራ ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን እንደ ነርሲንግ በቀጥታ አይደለም። ነርስ ፈተናዋን አልፋ በማግስቱ ሆስፒታል ትገባለች። ፍልስፍና የተማረ ልጅ የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት ይንከራተታል፤ ደመወዙም ዝቅ ይላል። ዲግሪ የማይጠይቅ ሥራ ላይ የሚጀምሩም አሉ። ይህን ማወቅ አለባችሁ። በሌላ በኩል የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የአዳዲስ ተመራቂዎችን ሁኔታ በየትምህርት ዓይነቱ ያወጣል። በ2023 መረጃ ፍልስፍና ከተማሩት ሥራ አጥ የነበሩት 3.2 በመቶ ነበሩ። ኮምፒውተር ሳይንስ ከተማሩት 6.1 በመቶ። የኮምፒውተሩ ልጅ ሥራ ሲያገኝ ብዙ ይከፈለዋል፤ ያ እውነት ነው። ሆኖም «ኮምፒውተር ተማሪና ተገላገዪ» የምንለው ነገር እንደ ድሮው አይደለም።

የፍልስፍና ተማሪ በደንብ የሚሠራው ነገር አንድ ከባድ ጽሑፍ አንብቦ፣ ክርክሩ የት ላይ እንደሚያፈስ ለይቶ፣ በግልጽ መጻፍ ነው። ለድኅረ ምረቃ በሚሰጠው ጂአርኢ ፈተና በንባብና በጽሑፍ ክፍሉ የፍልስፍና ተማሪዎች ለዓመታት ከቀዳሚዎቹ ናቸው። የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያው ኤልሳት ከኦገስት 2024 ጀምሮ የእንቆቅልሽ መሰል ጨዋታ ክፍሉን ትቶ የክርክር ምርመራና ንባብ ላይ አተኩሯል። ያ የእነሱ ሜዳ ነው።

ሕግ ካሰበች ግን ከአሁኑ የሚታሰብ ነገር አለ። ለድኅረ ምረቃ ይሰጥ የነበረው ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድር ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። ለሕግ ተማሪ የፌዴራሉ ጣሪያ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ነው። ቤቱ በመጀመሪያው ዲግሪ ከተራቆተ ሕግ ትምህርት ቤት ላይ የሚረዳት አይኖርም። ኮሌጅ ፓርክን የምመርጥላት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኼ ነው።

ፕሮፌሰር መሆን ከሆነ ህልሟ፣ የእኛም ሰው ደርሶበታል። መሳይ ከበደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም፣ ኦሃዮ ውስጥ በዴይተን ዩኒቨርሲቲም ፍልስፍና አስተምረዋል። ግን ቦታው በጣም ጥቂት፣ ተፎካካሪው ብዙ ነው። ደህና የዶክትሬት ፕሮግራም ክፍያ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ለኑሮ ይከፍላል። ገንዘብ ከጠየቃት አትግባ።

ኮሌጅ ፓርክ ላይ ፍልስፍናን ከፖለቲካና ከኢኮኖሚክስ ጋር አጣምሮ የሚሰጥ ዲግሪም አለ። የፍልስፍና ክፍሉ ደግሞ በቋንቋና በአእምሮ ጥናት ላይ ጠንካራ ነው፤ ከኮምፒውተርም ከሳይኮሎጂም ጋር ይጋባል። እኔ ብሆን ፍልስፍናውን ሳላስቀይራት ስታትስቲክስ ወይም ኢኮኖሚክስ አብራ እንድትወስድ እለምናት ነበር። የመጀመሪያዋን ሥራ የሚያመጣላት እሱ ነው።

ከባለቤትሽ ጋር ስትነጋገሩ ከፍልስፍናው አትነሺ። ያስፈራው የልጁ ጉዳይ ነው፤ ሲያስለቅሳት ደግሞ ጥፋቱን በፊርማ ሊክስ ነው። ሦስታችሁ ኪችን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡና ከላይ የጻፍኩትን ሂሳብ ልጅቷ ራሷ በእጇ ትደምረው። 81 ዓመት የሚለው ላይ ስትደርስ ዝም በሏት። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ትረዳለች። አባቷ ደግሞ «ፍልስፍናሽን ተማሪ» ይበላት፣ በአፉ። ያንን መስማት ከብድሩ በላይ ትፈልገዋለች ብዬ አምናለሁ።

ውሳኔ የምታሳውቁበት ቀን አብዛኛው ቦታ ሜይ 1 ነው። ከዚያ በፊት የግሉ ዩኒቨርሲቲ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ደውሉ፤ ደዋይዋ ልጅሽ ትሁን። የኮሌጅ ፓርኩን ደብዳቤ አያይዛ እንደገና እንዲያዩላት በጽሑፍ ትጠይቅ። ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻው፣ የሚያየው የሁለት ዓመት በፊቱን ታክስ ስለሆነ የባለቤትሽ ገቢ ከዚያ ወዲህ ወርዶ ከሆነ ማስረጃውን ላኩ፤ ቢሮው ሂሳቡን የመከለስ ሥልጣን አለው። ስኮላርሺፑ አራቱንም ዓመት የሚቆይ መሆኑን፣ ለዚያ ስንት ጂፒኤ እንደሚጠይቅ በጽሑፍ ይንገሯት። ፍልስፍና ክፍሉንም «ያለፈው ዓመት ተመራቂዎቻችሁ ዛሬ የት ናቸው?» ብላ ትጠይቅ። የሚያውቅ ክፍል ይነግራታል።

የግሉ ዓመታዊ ዋጋ ወርዶ 16,000 አካባቢ ከደረሰ፣ በጽሑፍም ከተረጋገጠ፣ የወላጅ ብድር ስለማያስፈልግ ትሂድ፤ እኔም እመርቃታለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ኮሌጅ ፓርክ ትግባ።